ተፋሰስ፦ የሰፈራችን ጣሪያ

የዛሬው ቃላችን ተፋሰስ ነው። ለመሆኑ ተፋሰስ ምንድን ነው?

እስኪ የቆርቆሮ ጣሪያችሁን አስቡ። ዝናቡ በየትኛውም ጥግ ይውረድ፣ ተንሸራቶ አሸንዳው ውስጥ ይገባል። ከዚያም በርሜሉ ውስጥ። ጣሪያው ላይ የርግብ ኩስ ካለ ታዲያ፣ እሱም አብሮ ይወርዳል። ተፋሰስም እንዲሁ ነው። ጣሪያው ምድሩ ነው፤ አሸንዳው ደግሞ ወንዙ።

አዲስ አበባን እንውሰድ። ከእንጦጦ ወደ ከተማዋ የሚወርደው ዝናብ እንደ ቀበና ባሉ ወንዞች በኩል ወደ አቃቂ ወንዝ ይገባል። ከዚያ ወደ አባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ወንዝ። እንግዲህ ቀበና ሰፈር ከደጃፍ የተደፋው የልብስ እጣቢ፣ አረፋውን እንደያዘ ቱቦ ይገባል። መንገዱ ወደ አቃቂ ነው፤ በወንዙ ጎመን ወደሚያጠጣው ገበሬ ማሳ። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ጎመኑ ተመልሶ ገበያችን ይመጣላ!

ስለዚህ በሰፈራችሁ ስለ ንጹህ ውሃ፣ ስለ ከተማ ፕላን ወይም ስለ መናፈሻ ውይይት ሲጠራ አስታውሱ፦ ሦስቱም የአንድ ተፋሰስ ጉዳይ ናቸው። አስፋልት ዝናቡን ያንደረድረዋል። የመናፈሻው ሣርና ዛፍ ግን ያዘገየዋል፤ አፈሩም ይመጥጠዋል። ስብሰባው ላይ እጃችሁን አውጡና ጠይቁ፦ «ከዚህ ሰፈር የሚወርደው ውሃ ማን ደጅ ነው የሚደርሰው?»