ለተራራው ሙሾ እናውርድ

(ለወጣት ሰዓሊያን፣ ገጣሚያንና ድምፃውያን የተደረገ ንግግር)



በኑዛዜ ልጀምር። በ2011 መጋቢትና ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል፣ እኔም እንደ ብዙዎቻችሁ ስልኬን ይዤ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ የሚያስፈራ ፎቶ አገኘሁ፤ ሰማይ የነካ ነበልባል፣ ከፊቱ የሚሸሽ አጋዘን። «ሰሜን እየነደደ ነው!» ብዬ ለጠፍኩት። ላይኩ ጎረፈ። በማግስቱ አንድ የደባርቅ ልጅ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ፦ «ወንድሜ፣ ይሄ የኛ ተራራ አይደለም። እንዲህ ያለ ዛፍ እዚህ የለም።» እውነቱን ነበር፤ ፎቶው የሌላ አገር ጫካ ነው። አፈርኩ።

ያን ጊዜ የአካባቢው ሰው በቅጠልና በአፈር ከእሳት ጋር ይታገል ነበር። ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ። እኔ ግን ለማላውቀው ተራራ አለቀስኩ።

እናቶቻችን ሙሾ ሲያወርዱ «አንድ ሰው ሞተ» ይላሉ እንዴ? አይሉም! ስሙን ይጠራሉ፣ አገሩን ይጠራሉ፣ ሥራውን ይዘረዝራሉ። የማያውቀው ለቀስተኛ እንኳ የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? ልብ ደግሞ የሚነካው በስም ነው።

እንግዲህ እኛም ስም እንጥራ። በሰሜን የሚነደው «ጫካ» ብቻ አይደለም። አስታ ነው፤ ጓሳ ነው። ጭላዳው ተቀምጦ የሚግጠው ሣር ነው። ለዓመታት ቆይቶ አንዴ ብቻ አብቦ የሚሞተው ጅብራ ነው። ከዚያ ተራራ በቀር በዱር የትም የማይገኘው ዋልያ ቤት ነው። በዓለም ላይ 500 ገደማ ብቻ የቀረው ቀይ ቀበሮ የሚያድንበት ሜዳ ነው። ይሄን የሳለ ሰው ነበልባል ባይስል እንኳ እሳቱን አሳይቷል።

ሁለተኛው ነገር እውነት ነው። ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ወደ ሰማይ ከሚወጣው የዓለም ካርቦን የኢትዮጵያ ድርሻ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ምድር ስትሞቅ ግን የኛም ሣር ቶሎ ይደርቃል። ይሄ ግፍ ነው፤ እንናገረው። ነገር ግን ክብሪቱን የሚጭረው አብዛኛውን ጊዜ የኛው እጅ ነው፤ ማር ለመቁረጥ፣ ከሰል ለማክሰል፣ ለከብት አዲስ ሣር ለማብቀል። ድርቀቱን ብቻ ጽፎ ክብሪቱን የደበቀ ግጥም ግማሽ ውሸት ነው። ክብሪቱን ብቻ ጽፎ ድሃውን ገበሬ የከሰሰም እንደዚያው። ሁለቱንም የምትሸከም አንዲት ሥዕል ከሺህ ፖስት ትበልጣለች።

ታዲያ ምን እናድርግ? የግድ ሰሜን ድረስ መሄድ የለብንም። እያንዳንዳችሁ በአቅራቢያችሁ አንድ ኮረብታ ምረጡ። በጋ ሳይገባ ሳሉት፣ በበጋው ሳሉት፣ ከክረምት በኋላ ተመልሳችሁ ሳሉት። እዚያ የኖሩ አባትና እናት ጋ ተቀምጣችሁ «ዱሮ እዚህ ምን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ የነገሯችሁን ስም ጻፉ። ቀለም የለኝም የሚል ካለ ከሰል አለ። እሳትን በእሳት ትራፊ ከመሳል የተሻለ ምን ይገኛል?

እሳቱ ሲነሳማ ሁሉም ይጮኻል፤ ሲጠፋ ሁሉም ስልኩን ያስቀምጣል። የኛ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ አመዱ ሲበርድ።

ለዚያ የደባርቅ ልጅ ዕዳ አለብኝ። ዘንድሮ አስታውን በስሙ ስዬ እልክለታለሁ። እናንተስ የማንን ስም ትጠራላችሁ?