ለአንድ ቲቢ አራት መድኃኒት ለምን?

ዛሬ የቲቢ መድኃኒቶች እንዴት እንደሚሠሩ እንነግራችኋለን።

የቲቢ ተሕዋስ ሰም በመሰለ ቅባት የተሸፈነ ነው። አይሶናያዚድ ይህ ሽፋን እንዳይሠራ ያግዳል። ነገር ግን እንደተዋጠ ሥራ አይጀምርም፤ ተሕዋሱ ራሱ በኢንዛይሙ ሲለውጠው ነው መርዝ የሚሆንበት። ኢንዛይሙ የተበላሸ ተሕዋስ ግን ከሞት ይተርፋል። ይህንን የሚገድለው ሪፋምፒሲን ነው፤ ቅርጹ የተለየ ስለሆነ በሌላ በር ይገባል። ሽንት የሚቀላውም በዚሁ መድኃኒት ቀለም ነው፤ ደም መስሏችሁ አትደንግጡ።

ፒራዚናማይድ ያደፈጡትን ተሕዋስያን ይመታል። የኢታምቡቶል ሞለኪዩል ደግሞ እንደ ቀኝና ግራ ጫማ የተለያየ መልክ አለው፤ ቲቢን አጥብቆ የሚመታው አንዱ ብቻ ስለሆነ ኪኒኑ ከእሱ ይሠራል። ኢታምቡቶል ስትወስዱ ዓይናችሁ ከደበዘዘ ወይም ቀይና አረንጓዴ መለየት ካቃታችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ክሊኒክ ሂዱ።

በተለመደው ሕክምና አራቱ ለ2 ወር፣ ከዚያም አይሶናያዚድና ሪፋምፒሲን ለ4 ወር ይወሰዳሉ። ሳሉ ቆመ ብሎ ማቋረጥ መድኃኒት የለመደውን ተሕዋስ ማሳደግ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ካርቱምን ጥላችሁ ስትወጡ መድኃኒት ያቋረጣችሁ ወገኖች፣ ካርዳችሁ ቢጠፋም አትፈሩ። ከጎረቤት ኪኒን አትበደሩ፤ ስንት ወር እንደወሰዳችሁ ለጤና ባለሙያው ንገሩ፣ አክታችሁንም አስመርምሩ።