ጭብጡ የቱ ነው?



የትምህርት ቤት ክርክር ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። «እውቀት ይበልጣል ወይስ ገንዘብ?» «የከተማ ኑሮ ይሻላል ወይስ የገጠር?» ሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያውን ሰንደቅ ዓላማው ሥር ያቆማል፤ ሁለት ተማሪ በዚህ፣ ሁለት ተማሪ በዚያ ይሰለፋሉ፤ ተሰብሳቢው የጣፈጠ ቃል በሰማ ቁጥር ያጨበጭባል። ልጆች ሰው ፊት መቆም የሚለምዱበት ስለሆነ እወደዋለሁ። ግን ርእሱ ማንንም አያምም። እውቀት ቢረታ፣ ገንዘብ ቢረታ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እንቅልፍ የሚያጣ የለም።

ዛሬ የማወራችሁ እንቅልፍ ስለሚነሳው ክርክር ነው። የላይ ጋይንት፣ የታች ጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተማሪዎች በሰብአዊ መብትና በጦርነት ሕግ ላይ ይከራከሩ ቢባል ምን ይዘው ይቁሙ? እንዴትስ ይከራከሩ? መከራከር አለባቸው ብዬ አምናለሁ። እንዴት በሚለው ላይ ደግሞ የማልለቀው ነገር አለኝ።

አገሩ ለሙግት ባዳ አይደለም። የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት፤ ከየአገሩ ድጓ ሊያስመሰክር የተነሳ ሁሉ መንገዱ ወደዚያ ነበር። ዙር አምባ ደግሞ በዝማሬ መዋሥዕት ይታወቃል። በየትርጓሜው ጉባኤ መምህሩ አንዱን ፍቺ ተናግሮ አያበቃም፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ያስከትላል፤ ተማሪውም ሁሉንም አክብሮ ይዞ መውጣት አለበት። በዓለማዊው ወገን ደግሞ ተጠየቅ ነበረ። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸው ተቆራኝቶ ይሄዳሉ፤ መንገድ ላይ ያገኙትን ትልቅ ሰው ዳኛ ያደርጋሉ። ከሳሹ «በላ ልበልሃ» ብሎ ይነሳል፤ ዋስ ይጠራል፤ በማር፣ በበቅሎ፣ በፈረስ ይወራረዳል። ሰዉ ሥራውን ትቶ ቆሞ ያዳምጣል።

ከዚያ ሥርዓት አንዱን ነገር በጣም እወደዋለሁ። ዳኛው ብቻውን አይፈርድም ነበር። በዙሪያው የተቀመጡት ፍርዳቸውን ይሰጣሉ፤ የሚጀምረውም ከታናሹ ነው፤ ወደ ትልቁ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ አይደፍርማ። ይህ ወደ ትምህርት ቤት ቢገባ ደስ ይለኛል። የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ጎረምሳ በፊት ትናገር፤ መምህሩ ከሁሉም በኋላ ይሁን።

ሁሉንም ግን አልወስደውም። በተጠየቅ አንደበቱ የሰላ ይረታ ነበር። አንደበት የሌለው፣ ዋስ የሚሆን ዘመድ ያጣ፣ ሸንጎ ፊት ሲቆም ጉልበቱ የሚከዳው ሰው እውነቱን እንደያዘ ተረትቶ ይመለሳል። የሰብአዊ መብት ሕግ የተጻፈው ደግሞ በመጀመሪያ ለዚህ ሰው ነው። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የሚከራከር ተማሪ ከቃሉ ውበት በፊት ማስረጃውን ይጠየቅ። አንቀጹ ስንት ነው? ይህን ያለው ማን ነው? መቼ? ያየ ነው ወይስ የሰማ?

በአገራችን ይህን መንገድ የያዘ ውድድር አለ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በምስለ ችሎት ያወዳድራል። ጉዳዩ የፈጠራ ነው፤ ተማሪዎቹ ሕገ መንግሥቱንና የዓለም አቀፍ ስምምነቶቹን አገላብጠው የጽሑፍ ክርክር ያዘጋጃሉ፤ ከዚያ ዳኞች ፊት ቆመው በቃል ይሟገታሉ። የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ ለአፍሪካ የሕግ ተማሪዎች ተመሳሳዩን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በምስለ ችሎት አንዱ ቡድን ዛሬ አመልካች፣ ነገ ተጠሪ ሆኖ ይቆማል። ደንቡ የገዛ ክርክርህን ራስህ እንድታፈርስ ያስገድድሃል። ለጋይንት ልጅ ይህ ከባድ የሚሆንበትን ምክንያት ልንገራችሁ።

ነሐሴ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ሕዝቡ የፍልሰታን ጾም ይዞ ሳለ፣ በሰሜኑ ጦርነት የሕወሓት ተዋጊዎች የላይ ጋይንት ከተማ ወደሆነችው ነፋስ መውጫ ገቡ። ዘጠኝ ቀን ቆዩ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ከሦስት ወር ያህል በኋላ ባወጣው ሪፖርት 16 የከተማዋን ሴቶች አነጋግሮ በተዋጊዎቹ መደፈራቸውን ጻፈ፤ 14ቱ የተደፈሩት በቡድን ነበር። ለባለሥልጣናት ያመለከቱት ሴቶች ከ70 ይበልጣሉ። የጤና ተቋማቱ ስለተዘረፉ ወዲያው ሊታከሙ አልቻሉም።

ያው ድርጅት፣ ነፋስ መውጫ በተያዘችበት በዚያው ሳምንት፣ ሌላ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። በትግራይ ጥቃት የደረሰባቸውን 63 ሴቶችና ልጃገረዶች አነጋግሯል፤ አድራሾቹ ብሎ የጠቀሳቸው የኢትዮጵያ መከላከያ ሠራዊትን፣ የኤርትራ ሠራዊትን፣ የአማራ ልዩ ኃይልንና ፋኖን ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ለነፋስ መውጫ ተማሪ ቀላል አይደለም። ለአዲግራት ተማሪም አይቀልም። አንዱን ብቻ አንብቦ ወደ ክርክር የሚገባ ግን ሰብአዊ መብት የሚባለውን ነገር ገና አልጀመረውም። በእኛ ላይ ሲደርስ ብቻ የሚታየን ግፍ ከሆነ ያ በቀል የሚያሰላ ልብ ነው።

እንግዲህ አንድ መምህር በጎ አስቦ «በነፋስ መውጫ ወንጀል ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም?» ብሎ ርእስ ቢያወጣ ምን ይሆናል? አንድ ተማሪ «አልተፈጸመም» ብሎ ሊሟገት ይመደባል። እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ እናቷ የደረሰባትን የምታውቅ ልጅ ተቀምጣለች። የክፍል ጓደኛዋ አንደበቱን አሳምሮ እናቷን ሲክዳት ትሰማለች፤ ተሰብሳቢውም ያጨበጭባል። ይህ ክርክር አይደለም፤ ሁለተኛ ጥቃት ነው። የማልለቀው ነገር አለኝ ያልኩትም ይኸው ነው። የሰው ቁስል ለሙግት አይቀርብም። የሆነው ነገር በምስክር፣ በሐኪም፣ በመርማሪ ይጣራል፤ በእጅ ብልጫ አይወሰንም።

ለሙግት የሚቀርበው ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፤ እሱም ዓመት ቢከራከሩበት አያልቅም። ማን ይጠየቅ፣ መሣሪያ የያዘው ብቻ ወይስ ያዘዘውም? በየትኛው ፍርድ ቤት? አጥፊው ወጥቶ እውነቱን ቢናገር ይማራል ወይ? ካሳውን ማን ይክፈል? የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ እነዚህን ጥያቄዎች አንስቷል። ልጆቹ ፖሊሲውን ዘርግተው ያንብቡት፤ የሚመለከተው እነሱን ነው።

የሕግ ስንቅም አይጎድላቸውም። ኢትዮጵያ አራቱን የጄኔቫ ስምምነቶች ያጸደቀችው በ1962 ዓ.ም. ነው፤ ሁለቱን ተጨማሪ ፕሮቶኮሎች ደግሞ በ1986 ዓ.ም. ተቀብላለች። ሁለተኛው ፕሮቶኮል የሚናገረው በአንድ አገር ውስጥ ስለሚደረግ ጦርነት ነው፤ በአንቀጽ 4 መድፈርን በግልጽ ይከለክላል፣ በአንቀጽ 11 የሕክምና ተቋማትን ይጠብቃል። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 270 በሲቪሎች ላይ የሚፈጸም የጦር ወንጀልን ይቀጣል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በይርጋ አይታገዱም፣ በምሕረትም አይታለፉም ይላል። የሮምን ስምምነት ግን አገራችን አልተቀበለችም፤ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በቀጥታ አይደርስልንም። እንቀበለው ወይስ በራሳችን ፍርድ ቤት እንተማመን? ለአንድ ሙሉ ከሰዓት የሚበቃ ርእስ ነው።

ወገኑ በዕጣ ይደልደል። የጋይንቷ ልጅ ለተከሳሽ ጠበቃ ሆና ትቁም ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፣ ትቁም። በፈጠራ ጉዳይ፣ የአገርና የሰው ስም ተቀይሮ፣ ማንም በግል ሳይነካ። ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ላይ የተሰጠ ፍርድ ነገ ይፈርሳል፤ የምትጎዳውም ፍትሕ የጠበቀችው ሴት ናት። ይህን አንድ ጊዜ የተከሳሽን ወገን ይዞ የተሟገተ ልጅ ከማንም ስብከት በላይ ያውቀዋል።

የአገራችንን ትልልቅ ሙግቶችም ያጥኗቸው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቭ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት በአማርኛ ኢጣሊያ ስለረጨችብን መርዝ ጋዝ ሲናገሩ፣ ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. የ1925ቱን የጋዝ ክልከላ ፕሮቶኮል ፈርማ አጽድቃ ነበር። ሕጉ ነበረ፤ ያስከበረው አልነበረም። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙም የማይወራለት ሌላው ነው። በጥቅምት 1953 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን ዘ ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። ደቡብ አፍሪካ በአደራ የተሰጣትን ደቡብ ምዕራብ አፍሪካን፣ የዛሬዋን ናሚቢያን፣ በአፓርታይድ ታስተዳድራለች ብላ። ስድስት ዓመት ገደማ ተሟገቱ። ሐምሌ 11 ቀን 1958 ዓ.ም. ዳኞቹ ሰባት ለሰባት እኩል ተከፈሉ፤ የፕሬዚዳንቱ ድምፅ ሚዛኑን ደፋው፤ ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በጉዳዩ የራሳችሁ የሆነ ሕጋዊ ጥቅም የላችሁም ተባሉ።

ተረታን። ግን ጥቂት ወራት ሳያልፉ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን የአደራ ሥልጣን ሻረ። ያው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1971 በሰጠው የምክር አስተያየት የደቡብ አፍሪካ በናሚቢያ መቆየት ሕገ ወጥ ነው አለ። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. መጋቢት 21 ቀን 1990 ነፃ ወጣች። «በሩቅ ሰው ጉዳይ ምን አገባችሁ?» የተባለችው የእኛ አገር ናት። የስማዳ ተማሪ ይህን አንሥቶ «በሌላው ስቃይ ማን ያገባዋል?» ብሎ ሊሟገት ይችላል።

እስካሁን የተናገርኩት የትምህርት ቤቱ በር ክፍት እንደሆነ አድርጌ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል በሚካሄደው ውጊያ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ብዙ ልጆች የፊደል ዘመናቸው እየባከነ ነው። ያው ሁለተኛው ፕሮቶኮል፣ በዚያው በአንቀጽ 4፣ በጦርነት ውስጥም ቢሆን ልጆች ትምህርት ያግኙ ይላል። ግዴታው በሁለቱም ተዋጊ ወገን ላይ የወደቀ ነው። ማንም መሣሪያ ያነገተ ሰው ይህን እየሰማኝ ከሆነ፣ የመኪና መንገድ ቢዘጋ ጦርነት ነው ይባል ይሆናል፤ የልጅን ደብተር መዝጋት ግን የትኛውም ሕግ አይፈቅድልህም።

ለመጀመሪያው ቀን ርእስ አምጣ ብትሉኝ ይህን አቀርባለሁ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜ ሊነኩ የማይችሉትን ድንጋጌዎች ይዘረዝራል። አንቀጽ 1፣ የመንግሥቱ ስያሜ፤ አንቀጽ 18፣ ኢሰብአዊ አያያዝ መከልከሉ፤ አንቀጽ 25፣ እኩልነት፤ ከአንቀጽ 39 የመጀመሪያዎቹ ሁለት ንዑሳን አንቀጾች። በሕይወት የመኖር መብት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። አገራችን በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ግን በአንቀጽ 4 የሕይወት መብት በምንም ዓይነት አደጋ ጊዜ አይገደብም ይላል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲወጣ ጥያቄው ከወረቀት ላይ ወርዶ ወደ ጋይንት መጥቷል።

አንደኛው ወገን ይነሳና «ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ ነው፤ ዝርዝሩን ሆን ብሎ ዘግቶታል፤ ያልጻፈውን አንጨምርለትም» ይበል። ሁለተኛው ወገን ይነሳና «አንቀጽ 9 ያጸደቅናቸው ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል፤ አንቀጽ 13 መብቶች በእነሱ መሠረት ይተርጎሙ ይላል፤ ስለዚህ የሰው ሕይወት ዝርዝሩ ውስጥ ባይኖርም የተጠበቀ ነው» ይበል። እኔ ከተሰብሳቢው እንደ አንዱ ድምፄን ስጥ ብባል ለሁለተኛው ወገን እሰጣለሁ። ግን ከመስጠቴ በፊት ሁለተኛውን ወገን አጥብቄ እጠይቀዋለሁ፦ አንቀጹን አገኘኸው፤ መልካም። ወጣት ልጁ በሌሊት ከቤቱ የተወሰደበት አባት ማለዳ ተነሥቶ ያንን አንቀጽ ይዞ የሚያንኳኳው የማንን በር ነው? ዳኛው በወንበሩ ከሌለ፣ ፍርድ ቤቱ ከተዘጋ፣ መንገዱ ካላስኬደ፣ ያንተ ክርክር ለዚያ ሰው ምን ያዘጋጅለታል?

ለመልሱ ሰባት ደቂቃ ይሰጠው። የምትጀምረው የዘጠነኛ ክፍሏ ልጅ ትሁን።