አንድ መዝገብ በሦስት እጅ

በመጠለያ ጣቢያችን የኮምፒዩተር ትምህርት መዝጊያ ዕለት ሠልጣኞች ያሰሙት ንግግር



በራሽን ቀን ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ላይ የቆምንበትን ዕለት የረሳ በመካከላችን የለም። እህሉ በመጋዘን ነበር፤ ሠራተኞቹም በቦታቸው ነበሩ። የጠፋው የስም ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ በአንድ ማሽን ብቻ ተቀምጦ ስለነበር ማሽኑ ሲቆም ሁላችንም ቆምን። ለስደተኛ ስሙ በመዝገብ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለምና፣ ዛሬ የምንነግራችሁ መዝገብ እንዳይቋረጥ ስለሚያደርገው ክላስተር ስለተባለው ዘዴ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዱን የኮምፒዩተር መዝገብ፣ ማለትም ዳታቤዙን፣ ሦስት ማሽኖች ይይዙታል። አንዱ መሪ ይሆናል፤ አዲስ ነገር የሚጻፈው በእርሱ ላይ ብቻ ነው። ሁለቱ ተከታዮች የተጻፈውን እየተከታተሉ ይገለብጣሉ። መሪው ቢወድቅ ከሁለቱ አንዱ ይተካዋል።

«ሁለት አይበቃም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ሽማግሌዎች ባይስማሙ ማን ይፈርዳል? በሁለት ማሽኖች መካከል ያለው መሥመር ሲበጠስ እያንዳንዱ «ጓደኛዬ ሞቷል፤ መሪው እኔ ነኝ» ብሎ መጻፍ ይጀምራል። ያን ጊዜ የማይስማሙ ሁለት መዝገቦች ይፈጠራሉ። ሦስት ከሆኑ ግን ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል፤ ብቻውን የቀረው መጻፉን ያቆማል። ሦስት ማሽኖች አንድ ቢጎድልባቸው፣ አምስት ደግሞ ሁለት ቢጎድልባቸው ሥራው ይቀጥላል።

እኛ የተለማመድነው በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ነው። ፓትሮኒ የተባለው ፕሮግራም መሪውን ይጠብቃል፤ ኢቲሲዲ ደግሞ ማን መሪ እንደሆነ ይይዛል። ሦስቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው። መሪው መሪነቱን በየጊዜው ማደስ አለበት፤ በተለመደው አሠራር 30 ሰከንድ ሳያድስ ካለፈ ተተኪ ይመረጣል። ተክለን ስንጨርስ፣ እየጻፍን ሳለን የመሪውን ሶኬት ነቀልነው። ሥራው ጥቂት ቆሞ ቀጠለ። ያልተፈተነ ክላስተር እንዳለ አይቆጠርም። ሦስቱን በአንድ ጄኔሬተር ላይ መሰካትም ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

ትልልቆቹም ይቸገራሉ። የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበት ጊትሀብ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት፣ ኦክቶበር 21 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ አሜሪካ ያለው መሥመሩ ለ43 ሰከንድ ተቋረጠበት። በምዕራብ ያሉት ማሽኖች መሪነቱን ተረከቡ። ነገር ግን በምሥራቅ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ገና አልደረሳቸውም ነበር። ሁለቱ መዝገቦች ተለያዩ፤ አገልግሎቱም ለ24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ተጓደለ። ስለዚህ መሪው ቢያንስ አንድ ተከታይ መጻፉን ሳያረጋግጥ «ተመዝግቧል» እንዳይል ማዘዝ ይቻላል። ይህ ሥራውን በጥቂቱ ያዘገየዋል። የተመዘገበ ሕፃን ከሚጠፋ ግን መዘግየቱ ይሻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ሰው በስሕተት ስም ቢሰርዝ ስረዛውም ወደ ሦስቱ ይገለበጣል። ክላስተር ከማሽን ብልሽት እንጂ ከሰው ስሕተት አያድንም። ስለዚህ በየዕለቱ በሌላ ቦታ የሚቀመጥ ቅጂ ያስፈልጋል፤ ቅጂውም በእርግጥ የሚነበብ መሆኑ አልፎ አልፎ ይሞከር።

ወገኖቻችን፣ ከእንግዲህ ስማችንን ለሚይዝ ማንኛውም ክፍል ሦስት ጥያቄ በትሕትና እናቅርብ፦ መዝገባችን በስንት ማሽን ላይ ነው? አንዱ ቢቆም ማን ይተካዋል? ቅጂው መጨረሻ የተሞከረው መቼ ነው?