ፊደላችንን በፒ.ዲ.ኤፍ. ውስጥ ስለ መጠበቅ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ይህን የበዓል መጽሔት እንድናዘጋጅ በተመረጥን ጊዜ አንዲት እናት ወደ ክፍላችን መጡ። ከብዙ ዓመት በፊት እዚህ የተማረውና ዛሬ በሕይወት የሌለው ልጃቸው በመጽሔቱ ላይ የጻፈውን ድርሰት ፈልገን እንድንሰጣቸው ለመኑን። የቀድሞዎቹ መጽሔቶች በፒ.ዲ.ኤፍ. ተቀምጠው ስለ ነበር ሥራው የደቂቃ መስሎን የልጁን ስም በኮምፒዩተሩ ፈለግን። የለም አለን። እኛም «አልተገኘም፣ እማማ» ብለን መለስናቸው። በማግሥቱ አንድ ጓደኛችን ገጾቹን አንድ በአንድ ሲገልጥ ድርሰቱን ከነስሙ አገኘው! ልንገለብጠው ስንሞክር ግን የወጣልን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ቁጥር እንጂ ፊደል አይደለም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ከመስጠቱ በፊት፣ የፎንት ሠሪዎች የፊደላችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ያስቀምጡት ነበር። ያም ቦታ ከ256 ስለማያልፍ፣ አንዳንዶቹ ፊደሉን ከቁርጥራጭ ይገጣጥሙት፣ ሌሎቹም በሁለት ፎንት ይከፍሉት ነበር። በዩኒኮድ ግን «ሀ» 4608፣ «ለ» 4616 ነው፤ ፎንቱ ቢለወጥ ቁጥሩ አይለወጥም።

ይሁን እንጂ ዩኒኮድ ብቻውን አይበቃም። በፒ.ዲ.ኤፍ. ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚመዘገበው የቅርጹ ተራ ቁጥር ሲሆን፣ ቅርጹ የትኛው ፊደል እንደ ሆነ የሚነግር ሠንጠረዥ ለብቻው ይያያዛል። ሠንጠረዡ ሲጠፋ ገጹ ለዐይን ያምራል፤ ኮምፒዩተሩ ግን ሊያነበው አይችልም። ከፎንቱም ብዙ ጊዜ የሚያያዙት በጽሑፉ የተገኙት ፊደላት ብቻ ናቸው። ስለዚህ «ጴ» በሌለበት ፋይል ላይ በኋላ «ጴጥሮስ» ብለን ልናርም ብንሞክር ባዶ ሳጥን ሊወጣ ይችላል።

እንግዲህ እርማቱ በዋናው ሰነድ ላይ ይሁን፤ በፒ.ዲ.ኤፍ.ው ላይ መጠጋገኑ ይቅር። ዋናውንም አትጣሉ። በዩኒኮድ ፎንት ጻፉ፤ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ. ስትለውጡም ፎንቱን ከፋይሉ ጋር እንዲያያዝ የሚያስገድደውን ፒ.ዲ.ኤፍ./ኤ የተባለውን ዓይነት ምረጡ። ሊብሬኦፊስ የተባለው ፕሮግራም ዋናውን ሰነድ በዚያው በፒ.ዲ.ኤፍ. ውስጥ አብሮ ማስቀመጥ ይችላል፤ እኛ ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ሲያልቅም አንድ መስመር ገልብጣችሁ በሌላ ባዶ ገጽ ላይ ለጥፉ። አማርኛው እንደ ነበረ ከወጣ ደኅና ነው። የሰዎችን ስም ግን ሁለት ጊዜ ሞክሩ።

ድርሰቱን ሦስት ሆነን፣ ገጹን እያየን፣ እንደ ገና ጻፍነው። እናቱ አድራሻቸውን አልተዉልንም ነበር። ዛሬ ከመካከላችሁ ካሉ፣ ድርሰቱ እነሆ በእጃችን ነው።