ለየቲም ልጅ የሚገዛ ስልክ

(በሀዋሳ ከተማ ለማኅበራችን ለጋሾችና ለየቲም አሳዳጊ ቤተሰቦች የቀረበ ንግግር)

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይድረሰው፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የተከበራችሁ ለጋሾች፣ የየቲሞቻችን እናቶችና አሳዳጊዎች! የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህ መድረክ ስለ ዘካ፣ ስለ ሰደቃና ስለ የቲም ሐቅ ብዙ ሰምታችኋል፤ ስለ ስልክ ግን ሲነገር አልሰማችሁም። ይሁንና ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከለጋሽ እጅ ወደ የቲም ቤት ከሚሻገሩት ነገሮች አንዱ ስልክ ሆኗል። ከእህሉም ከደብተሩም ይልቅ በስሕተት የሚገዛው እርሱ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት የእኛ ነበርና ከራሳችን እንጀምር። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. በሥራ ላይ ሲውል የታተመው መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ አልደረሰም ነበር። መምህራን መጽሐፉን በፒዲኤፍ በቴሌግራም ይልካሉ፤ ስልክ የሌለው ልጅ በጓደኛው ትከሻ ላይ አጮልቆ ያነባል። ይህንን ያየ አንድ ወንድም ዘጠነኛ ክፍል ለደረሱ ሰባት ልጆቻችን ስልክ እንድንገዛ ገንዘብ ሰጠን። ገንዘቡ የሚበቃው ለአራት ደህና ስልክ ነበር። ሦስቱን ልጆች ባዶ እጃቸውን መመለስ ከበደንና ከዚያ በፊት ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ስልክ ሰባት ገዛን። በሁለተኛው ዓመት የሚሠራው አንዱ ብቻ ነበር። የሁለቱ ባትሪ አብጦ ጀርባቸውን ከፈተው። የአንዲቷ ልጅ ስክሪን ተሰብሮ ፒያሳ አካባቢ ያሉትን ጠጋኞች አንድ በአንድ ብንዞር ለዚያ ስልክ የሚሆን ስክሪን የለም አሉን። በዋስትና ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቁጥርም አይነሳም። ለሰጪው ወንድም ሁኔታውን ስናስረዳ ጥቂት ዝም አለና፣ «ለራሳችሁ ልጅ ቢሆን ይህንን ትገዙ ነበር?» ሲል ጠየቀን። መልስ አልነበረንም።

በሱረቱ ኒሳእ መጀመሪያ አካባቢ የየቲምን መልካም ገንዘብ በመጥፎ መለወጥ የተከለከለ መሆኑን ከመድረሳ ጀምረን ስናስተምር ኖረናል። ሙፈሲሮች የሰባውን በግ ወስዶ የከሳውን መተካት እያሉ እንዳብራሩት፣ እኛም በበግና በፍየል ስናብራራው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ምሳሌው ተለውጦብናል።

እንግዲህ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ቤቱ ስማርት ስልክ ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ከማኅበራት የሚላክ ወርሃዊ ድጋፍ በስልክ መድረስ ጀምሯል፤ በዚህም የተነሳ ብዙ እናቶች «ታች ስልክ ከሌለኝ ገንዘቡ አይገባልኝም» ብለው ይሰጋሉ። ይህ ትክክል አይደለም። ቴሌብር *127# በመደወል፣ ሲቢኢ ብር ደግሞ *847# በመደወል ኢንተርኔት በሌለው ባለ ቁልፍ ስልክም ይሠራሉ። ገንዘብ መቀበልና መደወል ብቻ ለሚፈልጉ እናት ባትሪው ቀናት የሚቆይ ባለ ቁልፍ ስልክ ከርካሽ ስማርት ስልክ እጅግ ይሻላል። ለእርሳቸው ከስልኩ የሚበልጠው ሲም ካርዱ ነው። ሲሙ በሟቹ አባት ስም እንደተመዘገበ ዓመታት ያሳለፉ ቤተሰቦች አሉን፤ ካርዱ የጠፋ ዕለት ለማስመለስ ባለቤቱ ይጠየቃል፤ ባለቤቱ ደግሞ አኼራ ሄዷል። ይህንን ሳታስመዘግቡ ያላችሁ ወደ ቴሌ ማዕከል ለመሄድ ነገን አትጠብቁ።

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። የሚያነበው መጽሐፍ በስልኩ ውስጥ ነውና ስክሪኑ ሰፋ ያለ፣ ማከማቻው ቢያንስ 64 ጊጋ፣ ራሙ 4 ጊጋ፣ ባትሪው 5000 ሚሊ አምፒር የሚደርስ ቢሆን ይበቃዋል። የካሜራውን ቁጥር ተዉት፤ ለቪዲዮና ለፎቶ አይደለም የምንገዛው። እዚህ ላይ አንድ ማታለያ እንጠቁማችሁ። በካርቶኑ ላይ በትልቁ «8 ጊጋ ራም» ተብሎ ይጻፍና ከሥሩ በትንሹ «4+4» የሚል ይታያል። ሁለተኛው አራት እውነተኛ ራም አይደለም፤ ከማከማቻው ተቆርሶ የሚዋስ፣ ከራም በብዙ የሚዘገይ ነው። ሻጩ ዋሽቷል ባይባልም ገዢው የሚሰማው ሌላ ነገር ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አግብተው ከውስጥ እርጥበት ባገኙ ጊዜ ነጋዴውን እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ብለው የገሠጹትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የስልክ ካርቶንም ክምር ነው፤ እጅን ማስገባት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ስሙ እንምጣ። ብዙ ሰው «የትኛው ስም ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ የሚያስበው ስለ ጥንካሬ ነው። እኛ ከደረሰብን በኋላ የተማርነው ግን የአንድ ስልክ ስም ሁለት የተለያዩ ቃል ኪዳኖችን የሚሸከም መሆኑን ነው። አንዱ ሲሰበር የሚጠግነው ሰውና የሚገኝ መለዋወጫ ነው። ሌላው አምራቹ ለስንት ዓመት የሶፍትዌርና የደኅንነት ማሻሻያ ይልካል የሚለው ነው። ሁለቱም በአንድ ስልክ ላይ እኩል የሚሟሉበት ጊዜ ጥቂት ነው።

በጥገናው በኩል ሀገራችንን የሞሉት ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ናቸው። ሰዎች እነዚህን እንደ ተፎካካሪ ያነጻጽሯቸዋል፤ ነገር ግን ሦስቱም ትራንሽን የሚባለው የቻይና ኩባንያ ልጆች ናቸው፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በኢትዮጵያ ስልክ ሲገጣጥም ቆይቷል፤ የጥገና አገልግሎታቸውም ካርልኬር በሚል አንድ ስም የሚጠራ ነው። ስክሪናቸውና ባትሪያቸው ከመናኸሪያ አካባቢ እስከ አረብ ሰፈር ባሉ ትንንሽ ሱቆች ሳይቀር ይገኛል። በተጠቃሚ ብዛት የሚመጣ ጥቅም ይህ ነው፤ የጎረቤት ስልክ ከእናንተ ጋር አንድ ከሆነ ጠጋኙም ያውቀዋል። ጉድለታቸው በርካሾቹ ሞዴሎች ላይ የማሻሻያው ዕድሜ ማጠሩ ነው።

በሁለተኛው ቃል ኪዳን ሳምሰንግ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ጋላክሲ ኤ16 የ6 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ቃል የተገባለት ነው፤ በመካከለኛ ዋጋ ስልክ ላይ እንዲህ ያለ ዘመን ከዚያ በፊት የተለመደ አልነበረም። ሁሉም የሳምሰንግ ሞዴል ግን ይህንን ያህል አያገኝም፤ በስሙ ሳይሆን በሞዴሉ ጠይቁ። መለዋወጫውም በአብዛኛው ወደድ ይላል፤ አስመስሎ የተሠራ ሳምሰንግም በገበያው አለ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ በገበያው የሚሸጥ ስልክ ሽያጩ ካበቃ በኋላ ቢያንስ ለ5 ዓመት ማሻሻያ እንዲያገኝ የሚያስገድድ ደንብ በሥራ ላይ አውሏል። እኛ ዘንድ ጥያቄውን የሚጠይቀው ገዢው ራሱ ነው።

ማሻሻያ ለድሃ ቤት ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። የየቲሙ ድጋፍ የሚገባበት የባንክ መተግበሪያ በዚያ ስልክ ላይ ከተጫነ ግን ነገሩ የቤቱ በር ቁልፍ ይሆናል። የአንድሮይድ ዕድሜ ሲያልፍም አገልግሎቶቹ አንድ በአንድ ይተዉታል፤ ዋትስአፕ ከአንድሮይድ 5 በታች ባለ ስልክ ላይ መሥራት ያቆመው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ የእኛ ሚዛን ይህ ነው፦ ለዘጠነኛ ክፍል ልጅ የሚገዛ ስልክ አስራ ሁለተኛን እስኪጨርስ፣ ማለትም አራት ዓመት ሊያገለግለው ይገባል። አቅም ከፈቀደ ረጅም ማሻሻያ ያለው ሞዴል ይገዛ። ካልፈቀደ በከተማችን የሚጠገን ስም ይመረጥ፤ የባንኩ ሥራ በእናቱ ባለ ቁልፍ ስልክ ይቆይ። በሁለቱም የሌለው ስም ግን ምንም ቢረክስ አይገዛ። የአገልግሎት ማዕከሉ የት እንዳለ ሻጩ በቃል ቢነግራችሁ አትርኩ፤ ከመግዛታችሁ በፊት በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩት።

ሱቅ ውስጥ ስትቆሙ *#06# ደውሉ፤ የሚወጣው ባለ 15 አሐዝ ቁጥር በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ ይሁን። በቅንብሮች ውስጥ ስለ ስልኩ በሚለው ገብታችሁ የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ ቀን ስንት ዓመት እንዳስቆጠረ ተመልከቱ። ደረሰኝ ተቀበሉ። ነጋዴ ወንድሞቻችንም ይህንን ስሙ፤ በፊቅህ ነውር የተገኘበትን ዕቃ ገዢው የመመለስ መብት አለው፤ ይህም ኺያረል ዐይብ ይባላል። ነውሩ ባይኖርም እስከ ሦስት ቀን የመመለስ ምርጫ በውል መያዝ በሻፊዒይም በሐነፊይም መዝሀብ የታወቀ ነው። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚለው በግድግዳችሁ የተለጠፈው ጽሑፍ ከየት እንደመጣ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ የስልክ ዋጋ በመናሩ በዱቤ መግዛት የሚታሰብበት ቤት በዝቷል። ወለድ ያለበትን ብድር ለየቲም ስልክ ብላችሁ አትግቡበት። ዋጋው ተቆርጦ በታወቀ ክፍያ የሚፈጸም ሙራበሓ ግን ሌላ ነው፤ ዘምዘምና ሂጅራን የመሳሰሉ ከወለድ ነፃ ባንኮች ሄዳችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ።

በመጨረሻ ለለጋሾች። አዲስ ስልክ ስትገዙ አሮጌውን ለየቲም ማምጣታችሁን እንወድደዋለን። ይሁንና ሁሉን ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት የጉግል አካውንታችሁን ከስልኩ አውጡ። አንድሮይድ ከ5.1 ጀምሮ የሌባ መከላከያ አለው፤ አካውንቱ ሳይወጣ የተደመሰሰ ስልክ ሲከፈት የቀድሞውን ባለቤት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። በማኅበራችን መሳቢያ ውስጥ በዚህ ምክንያት የተቆለፉ ስልኮች ተቀምጠዋል፤ ሰጪዎቻቸው ቃሉን ረስተውታል፤ ከእነርሱም አንዱ ሞቷል፤ አላህ ይማረው። ፎቶዎቻችሁንም አጥፉ፤ የቤታችሁ ሲትር ነው።

ያ ወንድም ዘንድሮ እንደገና መጥቶ ነበር። አራት ስልክ ገዛን። ሦስቱ ልጆች እስከ መጪው ዓመት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ባለው ኮምፒውተር ከዐስር ሶላት በኋላ ያነብባሉ፤ ስማቸው በመዝገቡ ላይ በቅደም ተከተል ተጽፏል። ደረሰኞቹና ካርቶኖቹ በጽሕፈት ቤቱ ስላሉ ለማየት የፈለገ ለጋሽ መጥቶ ማየት ይችላል።