የሰርኩላር መጋዝ መከለያና የሰጋቱራ መሳቢያ

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ ከእንጨት ሥራ ክፍል የተሰማ ንግግር)



ባለፈው ክረምት በሥራ ክፍላችን አንድ ወንድማችን ሁለት ጣቶቹን እንዳጣ በጎበሳ ያልሰማ የለም። ብዙ ሰው «እንጨቱ አዳልጦት ነው» ይላል። አይደለም። ሰጋቱራው የእርሳሱን መስመር ሸፈነበት፤ መስመሩን ለማየት በእጁ ጠረግ አደረገ፤ በዚያች ቅጽበት ነው። መከለያውስ የት ነበር? «እይታ ይጋርዳል» ብለን ፈትተን ጥግ የጣልነው እኛው ነን።

ዲስካችን ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ሲሆን በደቂቃ 2800 ጊዜ ይዞራል። ብታሰሉት ጥርሱ በሰዓት 158 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። እጄን እመልሳለሁ የሚል ካለ ይሞኛል።

ስለዚህ አዲሱን መከለያ ስንሠራ አስቀድመን ያሰብነው ስለ ሰጋቱራው ነው። የሳጥኑ ጎንና ጎን ኮምፔንሳቶ፣ ላዩ ጥርት ያለ ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ መስተዋት አይሆንም። ከግድግዳ በወጣ የብረት ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ እንጨቱ ውፍረት ከፍ ዝቅ ይላል። ከኋላው 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ የፒቪሲ ቱቦ ተገጥሟል። አብዛኛው ሰጋቱራ ግን ወደ ታች ስለሚወርድ የጠረጴዛውን ሥር በላሜራ ዘግተን ሌላ ቱቦ ሰጠነው። መጀመሪያ የቤት ቬንትሌተር ሞክረን ነበር፤ ኧረ ምኑን ይስበዋል! ኋላ በሞተር የሚዞር የብረት ማራገቢያ አስበየድን። ጆንያው ከቤት ውጭ ነው የሚታሰረው፤ ደቃቁ ብናኝ በጆንያው ቀዳዳ ያልፋልና። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ከሆኑት መድቦታል፤ በተለይ አፍንጫን ያጠቃል።

ከዲስኩ ኋላ የቆመችውን የብረት ምላስ ደግሞ ማንም እንዳይነቅላት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ውስጡ ውጥረት አለበት፤ ሲሰነጠቅ ተመልሶ ይገጥምና ዲስኩን ይነክሳል፤ ያኔ ጣውላው ወደ ሠራተኛው ሆድ ይወረወራል። ምላሷ ስንጥቁን ከፍታ ትይዛለች። የኛ ዲስክ አካሉ 2 ሚሊ ሜትር፣ የሚቆርጠው 3 ነው፤ ምላሷን 2.5 አደረግናት። ከጥርሱ ከ8 ሚሊ ሜትር በላይ መራቅ የለባትም። የመጨረሻውን 30 ሳንቲ ሜትር በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ነው የምንገፋው።

የመከለያው ንድፍ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ተለጥፏል፤ የሣለው ያው ወንድማችን ነው። የሰፈራችን አናጢዎች መጥታችሁ ልኩን ውሰዱ፣ ክፍያ የለውም። ለምድጃ ሰጋቱራ የምትፈልጉ እናቶች ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ማዳበሪያ ይዛችሁ ኑ፤ ጆንያው በየማታው ይራገፋል። እዚያ አካባቢ ግን ሲጃራ አይለኮስም።